አራት ሺህ አየ፣ ሁለት ነካ

ጣና ዳር ካሉት ዓሣ ቤቶች በአንዱ ተቀምጠን ቀረሶ እስኪጠበስልን እየጠበቅን ነበር። የእህቴ ልጅ ስልኩን ወደ እኔ አዞረ። «ጋሼ፣ ይቺን ይዩልኝ እስቲ።»

ልጁ ፖሊ ቴክኒክ ነው የሚማረው። ስለ እርሻና ስለ ከብት የሚጠያየቁበት አንድ የቴሌግራም ቻናል ይከታተላል። ሰው ጥያቄውን ይልካል፣ አድሚኑ ይለጥፋል፣ የቻለ ከሥሩ ይመልሳል። የዕለቱ ጥያቄ አጭር ናት። «እምቦጭ ለከብት መኖ ይሆናል ወይ?»

የመጀመሪያው መልስ የመጣው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። «አዎ ይሆናል። አድርቆ መስጠት ነው።» ከሥሩ ልብና አውራ ጣት ተደርድሯል። ቆጠርነው፣ ሃያ ስድስት። ሁለተኛው መልስ ከሰዓታት በኋላ የተጻፈ ነው፤ ረዘም ይላል። እምቦጭ ከዘጠና በመቶ በላይ ውኃ ስለሆነ ከብቱ ሆዱ ቢሞላም የሚያገኘው ምግብ ትንሽ ነው ይላል። ውኃው ውስጥ ያለውን መርዛማ ከባድ ብረት ስቦ ስለሚያከማች መጀመሪያ ከየት እንደታጨደ ጠይቁ ይላል። በጋሪ ጭኖ ማመላለሱም ዘሩንና ቁራጩን በየመንገዱ መዝራት መሆኑን ይጨምራል። ማን እንደጻፈው አላውቅም፤ ነገሩን በደንብ የሚያውቅ ሰው ግን ነው። ያገኘው ሁለት ላይክ ነው። ከጥያቄው ግርጌ ያለችው ዓይን ደግሞ አራት ሺህ ምናምን ትላለች።

«እንግዲህ ትክክለኛው የላይኛው ነው ማለት ነው አይደል?» አለ ልጁ። አባቱ ፎገራ ላይ ከብት አለው። መልሱን ሊልክለት ነው።

ዓሣው መጣና ወሬው ተቋረጠ። እኔ ግን ጥያቄው ከነከነኝ። ሃያ ስድስት ሰው ወደደው ማለት ምን ማለት ነው? አራት ሺህ ሰው አየው ማለትስ?

ዓይኗ የምትቆጥረው

ከዓይኗ እንጀምር፤ እሷ ቀላል ናት። በቴሌግራም ቻናል ላይ ያለው የእይታ ቁጥር የሚቆጥረው ልጥፉ ስክሪን ላይ መውጣቱን ነው። መነበቡን አይቆጥርም። ሰው መረዳቱንማ ጭራሽ። ባጃጅ ውስጥ ሆኖ በአውራ ጣቱ እያንሸራተተ ያለፈው ሰው አንድ ነው። ሦስት ጊዜ አንብቦ ለጎረቤቱ ያስረዳውም አንድ ነው። ልጥፉ ፎርዋርድ ሲደረግ ደግሞ ሌላ ቦታ ያየው ሰው እዚያው ዋናው ቁጥር ላይ ይደመራል። ስለዚህ አራት ሺሁ የዚያ ቻናል ሰዎች ብቻ ናቸው ማለት አይቻልም።

ይህ ማለት ቁጥሩ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። የሚናገረው ስለ መልሱ አይደለም እንጂ። ስለ ጥያቄው ነው የሚናገረው። በተለይ ሰው ጉግል ላይ ፈልጎ በሚመጣባቸው ድረ ገጾች እይታ ማለት ችግሩን ይዞ በር ያንኳኳ ሰው ማለት ነው። ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች የሚጠያየቁበት ስታክ ኦቨርፍሎው ይህን ለይቶታል። ጥያቄህ 1,000፣ 2,500፣ ከዚያም 10,000 ጊዜ ሲታይ የክብር ባጅ ይሰጥሃል። ነጥብ ግን በእይታ አታገኝም። ነጥብ የሚገኘው በድምፅ ነው። ብዙ ሰው አይቶት ጥቂት ድምፅ ብቻ ያገኘ ገጽ ስታይ እዚያ ሰፈር ብዙ የተቸገረ ሰው እንዳለ መጠርጠር ትችላለህ።

ደግሞም አብዛኛው ሰው አይቶ ነው የሚያልፈው። የድረ ገጽ አጠቃቀም የሚያጠናው ያኮብ ኒልሰን በ2006 እ.ኤ.አ. አንድ ግምታዊ ልኬት አስቀምጦ ነበር። ከመቶ ሰው ዘጠናው ያያል፣ ዘጠኙ አልፎ አልፎ እጁን ያስገባል፣ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው አንዱ ነው። የኛ ቻናል ከዚህም ያነሰ ነው። ሃያ ስድስትና ሁለት፣ ሃያ ስምንት። ከአራት ሺህ ውስጥ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። አይቶ እንዳላየ ማለፍን ኢንተርኔት አላመጣብንም መቼም።

ድምፅ ዋጋ ሲኖረው

ስታክ ኦቨርፍሎውን አነሳሁ። ፖሊ ያሉ ልጆች በስሙ የሚምሉበት ቦታ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ጄፍ አትውድና ጆኤል ስፖልስኪ በ2008 እ.ኤ.አ. ነው ያቋቋሙት። ሐሳቡ የሁሉም ሰው ድምፅ ጥሩውን መልስ ከላይ፣ ደካማውን ከታች ያድርገው የሚል ነበር። ድምፅ ግን በነፃ አይሰጥም። አዲስ የተመዘገበ ሰው ወደ ላይ ድምፅ ለመስጠት 15 ነጥብ ያስፈልገዋል። ወደ ታች ለመስጠት ደግሞ 125። መልስህን አንድ ሰው ሲወድልህ 10 ነጥብ ታገኛለህ። ሲጠላብህ 2 ይቀነስብሃል። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጥመኝ፤ የሰው መልስ ላይ ወደ ታች ድምፅ የሰጠው ሰው ራሱ 1 ነጥብ ይከፍላል። «መልስህ አይረባም» ለማለት ከኪስህ ሳንቲም ማውጣት አለብህ።

ብልህ ሕግ ነው። ሰው በጠብና በቅናት ብቻ እንዳያጠቃ ይገታዋል። ሌላ ጎንም አለው። ድምፅ የሚሰጡት ቀድመው የገቡት ናቸው። አዲስ የመጣ ተማሪ መልሱ ሠርቶለት እንኳ ወደ ላይ ድምፅ መስጠት አይችልም፤ ነጥብ እስኪያጠራቅም ደጅ ይጠናል። በ2009 እ.ኤ.አ. አንድ ቀላል ጥያቄ የመለሰ ሰው ግን እስከ ዛሬ ተኝቶ ነጥብ ይለቅማል፤ ዓለም ሁሉ ያንኑ ቀላል ነገር እየፈለገ ይመጣልና።

ከዚህ የባሰው ፍጥነቱ ነው። እዚያ የቆዩ ሰዎች አንድ ዘዴ ያውቃሉ። ጥያቄ እንደተለጠፈ ሁለት መስመር መልስ ወርወር አድርገህ ቦታ ትይዛለህ። ከዚያ ቀስ ብለህ ታስተካክለዋለህ። ቦኖ ውኃ ወረፋ ላይ ባዶ ጄሪካን አስቀምጦ ቡና ሊጠጣ እንደሚሄድ ሰው ማለት ነው። ጄሪካኑ ባዶ ነው፤ ወረፋው ግን ተይዟል። ያስቸገረን የእምቦጭ መልስም ይችው ጄሪካን ናት።

በሬውና ደላላው

የብዙ ሰው ግምት ከባለሙያ ሊበልጥ ይችላል የሚሉ ሰዎች ሁልጊዜ የሚያነሱት አንድ በሬ አለ። በ1906 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ፕሊመዝ ከተማ የከብት ኤግዚቢሽን ነበር። የሰባ በሬ ቆሟል። ታርዶና ተገፎ ሥጋው ሲመዘን ስንት እንደሚሆን ገምቱ ተባለ። ተሳታፊው ገንዘብ ከፍሎ ካርድ ይገዛል፣ ግምቱን ይጽፋል፣ ለቀረበው ሽልማት አለ። ፍራንሲስ ጋልተን የተባለው ተመራማሪ በኋላ ካርዶቹን ሰብስቦ መረመራቸው። የሚነበቡት 787 ነበሩ። በቅደም ተከተል ደርድሮ መሐል ላይ ያለውን ሲያይ 1,207 ፓውንድ። እውነተኛው ክብደት 1,198 ፓውንድ ሆነ። በኛ ሚዛን ልዩነቱ 4 ኪሎ ገደማ ነው። ጋልተን ውጤቱን ያሳተመው በ1907 ነው።

ቅርጫ ገብቶ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ጨዋታ አይደለም። በበዓል ዋዜማ ከብት ተራ ስንሄድ ሁላችንም ገማች ነን። አንዱ ሻኛውን ይነካል፣ አንዱ ጎኑን ይጨብጣል፣ አንዱ ከሩቅ ቆሞ «ይሄ ሥጋ የለውም» ይላል። እንዲያውም እኛ ከፕሊመዝ ሰዎች በላይ ልምድ ሳይኖረን አይቀርም። ግን እንደነሱ አናገኘውም። ምክንያቱ ደላላው ነው።

የፕሊመዝ ሰው ግምቱን ሲጽፍ የጎረቤቱን ካርድ አላየም። አንዱ ከፍ አድርጎ ይሳሳታል፣ ሌላው ዝቅ አድርጎ ይሳሳታል፣ ስህተቱ እርስ በርሱ ይጣፋል። ከብት ተራ ግን ደላላው ቀድሞ ዋጋ ይጠራል። ያ ቁጥር ጆሮ ውስጥ ከገባ በኋላ የሁላችንም ግምት እሱን ይዞራል። አሥር ሰው ተናገረ እንላለን እንጂ የተናገረው ደላላው ብቻ ነው።

ይህንኑ በኢንተርኔት ላይ የፈተኑ አሉ። ሌቭ ሙችኒክ፣ ሲናን አራልና ሾን ቴይለር በ2013 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት ሙከራ ነው። ሰዎች ዜና እያነሡ አስተያየት የሚጽፉበት፣ አንባቢም ድምፅ የሚሰጥበት ድረ ገጽ ላይ 101,281 አስተያየቶችን ያዙ። ለአንዳንዶቹ ገና እንደተጻፉ፣ ይዘታቸው ሳይታይ፣ በዕጣ አንድ የድጋፍ ድምፅ ሰጧቸው። ለሌሎቹ አንድ የተቃውሞ። የቀሩትን አልነኳቸውም። ከዚያ ዝም ብለው አዩ። ያቺ አንዲት የሐሰት ድጋፍ ቀጥሎ የመጣው አንባቢ እንዲደግፍ የማድረግ ዕድሏን በ32 በመቶ ከፍ አደረገች። መጨረሻ ላይም የአስተያየቱ ውጤት በአማካይ 25 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። አንዲት ድምፅ!

የሐሰት ተቃውሞው ግን እንደዚያ አልሄደም። ሰዎች «ይሄ ምን አጠፋ?» ብለው በድጋፍ አካክሰውታል። የተወቀሰ ሰው ተከራካሪ ያገኛል። ያላግባብ የተመሰገነውን ግን ማንም አይከራከረውም። ወደ እምቦጯ ስመለስ የመጀመሪያዋን ልብ ማን እንዳስቀመጣት እጠይቃለሁ። የመላሹ ጓደኛ ሊሆን ይችላል። ራሱ መላሹም ሊሆን ይችላል።

የሚገርመው መድኃኒቱ እዚያው ቴሌግራም ውስጥ መኖሩ ነው። ፖል የሚባለውን የድምፅ መስጫ አስታውሱ። አንተ ሳትመርጥ ሌላው ምን እንደመረጠ አያሳይህም። እንደ ፕሊመዝ ካርድ ነው። ልቡና አውራ ጣቱ ግን ገና ሳታነብ ቁጥራቸውን ይዘው ይቆማሉ። አንድ አፕ፣ ሁለት ባሕርይ። ሰዎች በየርዕሱ የሚወያዩበት ሬዲት የተባለው ድረ ገጽ በ2013 እ.ኤ.አ. ለአወያዮቹ አንድ አማራጭ ሰጥቷል፤ አዲስ አስተያየት ያገኘው ነጥብ ለተወሰነ ጊዜ እንዳይታይ መደበቅ ይችላሉ። ደላላውን ለጥቂት ሰዓት ዝም ማሰኘት በሉት።

ይሉኝታ

እስካሁን ያልኩት ለየትኛውም አገር ይሠራል። የኛ የብቻችን የሆነ ነገርም አለ።

አማርኛ ተናጋሪ በሚበዛባቸው ግሩፖች ውስጥ ወደ ታች የዞረ አውራ ጣት ስንት ጊዜ ታያላችሁ? እኔ የማየው ፖለቲካ ላይ ነው፣ ኳስ ላይም ነው። ሰው ለሰው በሚመልስበት ቦታ ላይ ግን የለም ማለት ይቻላል። ግሩፕ ውስጥ ምልክት ስትነካ ማን እንደነካ ይታያል። አንድ ጎልማሳ ሰው ደክመው የጻፉት መልስ ላይ ስምህን አውጥተህ «ተሳስተዋል» የሚል ምልክት ማን ይለጥፋል? ዝም ትላለህ። ያ ዝምታ ደግሞ የትም አይቆጠርም።

ልቡም ቢሆን «መልስህ ትክክል ነው» ማለት አይደለም። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ማለት ነው። ጠያቂው ሰው ተቸግሮ ጠየቀ፣ አንዱ ቶሎ ደረሰለት፣ ሌላው ስለ ደግነቱ አመሰገነው። ጥሩ ባህል ነው፤ ችግሩ ምስጋናውን እንደ ማስረጃ ስናነብ ነው። ሃያ ስድስቱ ሰዎች እምቦጭ ያበሉ ላይሆኑ ይችላሉ። ጨዋ ሰዎች ናቸው።

ፌስቡክ ላይ ሌላ መንገድ አግኝተናል። ፌስቡክ በ2016 እ.ኤ.አ. ከላይኩ ጋር ፍቅሩን፣ ሳቁን፣ አድናቆቱን፣ ኀዘኑንና ቁጣውን ሲጨምር የመጥላት አውራ ጣት አልሰጠንም። የኛ ሰው ሳቁን ወሰደው። ዛሬ አንድ ቁም ነገር ከሥሩ ሁለት መቶ «ሃሃ» ከያዘ ጸሐፊው ቀልደኛ ስለሆነ አይደለም።

ተቃውሞ አለመኖሩ ሒሳቡንም ያበላሸዋል። ሬዲት መልሶችን «ምርጥ» ብሎ ሲደረድር የሚጠቀምበት ስሌት ኤድዊን ዊልሰን የተባለ ሰው በ1927 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ብልሃቱ ጥቂት ድምፅን አለማመን ነው። አንድ ሰው ብቻ አይቶ አንዱም ከወደደው መቶ በመቶ አይለውም። በጥንቃቄ ሲያስብ 20 በመቶ ገደማ ይሰጠዋል። አሥር ከአሥር የወደዱትን 72 በመቶ። ከመቶ ዘጠና የወደዱትን ደግሞ 83 በመቶ ገደማ። ዘጠናው ያሸንፋል፣ አሥር ሰው ቢጠላውም። ይህ እንዲሠራ ግን የጠላ ሰው መጥላቱን መናገር አለበት። ሁሉም መልስ ልብ ብቻ ካለው ስሌቱ ማወዳደር ትቶ ብዙ ሰው የደረሰበትን ይቆጥራል። ብዙ ሰው የሚደርስበት ደግሞ ቀድሞ የተጻፈው ነው።

መልሱን የሚያውቀው የት ነው ያለው?

ባሕር ዳር ከጣና ደቡብ ጫፍ ላይ ናት። እምቦጭ ክፉኛ የጠናው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ነው፤ ደንቢያ፣ ጎንደር ዙሪያ፣ ሊቦ ከምከም፣ ፎገራ። ስለ እምቦጭ ድምፅ የሚሰጠው ሰው ዘንባባ ሥር ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠው እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ያለው ዘመዴ ነው። ዋሽንግተን ያለውም ነው። ግጦሹ በእምቦጭ የተያዘበት ገበሬ በዚህ ድምፅ ውስጥ የለም።

ይህን በግልጽ ያየነው በ2015 ዓ.ም. ክረምት ነው። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። በእነዚያ ወራት ስለ ባሕር ዳርና ስለ ጣና ብዙ ተጠይቋል፤ ብዙም ተመልሷል። ጠያቂውም መላሹም ድምፅ ሰጪውም በአብዛኛው እዚህ አልነበረም። ዓይኗ ግን መቁጠሯን አላቆመችም። ኋላ ዳታው ሲመለስ ስለ ራሳችን ከተማ የተጻፈውን እንደ ባዕድ አነበብነው።

ሰው ሠራሹ አንባቢ

አሁን ደግሞ ሌላ አንባቢ መጥቷል። ቻት ጂፒቲ በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ከወጣ በኋላ ስታክ ኦቨርፍሎው በቀጣዩ ወር በእሱ የተጻፉ መልሶችን ከለከለ። መልሶቹ ሲያዩአቸው ልክ ይመስላሉ፣ ሲፈተሹ ግን ስህተታቸው በዛ። ጠያቂው ግን ወደ አዲሱ መሄዱን አልተወም። በስድስት ወር ውስጥ የድረ ገጹ እንቅስቃሴ ከሩሲያና ከቻይና አቻዎቹ ጋር ሲነጻጸር በ25 በመቶ መቀነሱን ያሳየ ጥናት አለ። ሰው መልሱን ከማሽን ሲያገኝ ገጹን አያይም፣ ድምፅም አይሰጥም። ማሽኑ የተማረው ግን ትናንት ሰዎች ከጻፉትና ካበጠሩት ነው።

እኛስ ምን አበጠርን? ስታክ ኦቨርፍሎው ከእንግሊዝኛው ሌላ የፖርቱጋል፣ የስፓኝ፣ የሩሲያና የጃፓን ቋንቋ ገጾች አሉት። የአማርኛ የለውም። የኛ መልስ ያለው ቴሌግራም ውስጥ ነው። ከጥያቄው ሥር የተጻፈ ውይይት ጉግል ላይ አይወጣም። ነገ አምስት ጥያቄ ሲለጠፍ የዛሬው ወደ ላይ ይሸሻል። የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ እስከ ሃያ ዓመት ሕይወቱ ሳይጠፋ ይቆያል። ስለ እምቦጭ የተሰጠው ጥሩ መልስ ግን ሳምንት አይቆይም። ለመጪው ክረምት ያችው ጥያቄ ትመለሳለች፤ ያው ፈጣኑ ሰው «አዎ፣ አድርቆ መስጠት ነው» ይላል።

ዓሣውን ጨርሰን እጃችንን ስንታጠብ ልጁ መልእክቱን ገና አልላከም ነበር። «ደውልለትና እሱን ጠይቀው» አልኩት። ደወለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ አሰማኝ።

አባቱ ሳቀ። ከብቶቹ የሚነኩት ሌላ ሣር ሲያጡ ነው አለ፤ ቅጠሉን ቀማምሰው ይተዉታል፣ ሥሩን ዞረው አያዩትም። ማድረቁንም ሞክሮታል፤ አንድ ቀን ሙሉ ያጨደው ሲደርቅ አንድ እቅፍ አልሞላም። «ማን ነው ይህን የሚጠይቅ? እኛን አይጠይቅም እንዴ?» አለ።

ልጁ ቃሉን እንዳለ ጻፈው፤ ከሁለቱ መልሶች በታች ሦስተኛ ሆኖ ገባ። ማታ ከፍቼ አየሁት። አንድ ላይክ ነበረው። እሷም የእኔ ናት።